ዝምታው ስንት ሰዓት ነው? ከሐይቅ ከተማ እስከ አትላንቲክ፣ የአንድ ቤተሰብ የባሕር ጉዞ ዝግጅት

መነሻ

ታናሽ እህቴ፣ ባለቤቷና ሁለት ልጆቻቸው በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር በሸራ ጀልባ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥተው አትላንቲክን አቋርጠው ካሪቢያን ገብተዋል። ርቀቱ 2,700 የባሕር ማይል ግድም ነው፤ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በመንገድ የፈጀባቸው 22 ቀን ነው። የዝግጅቱ ጊዜ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ወስዷል፤ እዚህ የምመዘግበውም እሱን ነው። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ አልጠራም።

ጀልባዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። እኔ ኮምቦልቻ ላይ የጭነት መኪና ስምሪት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን ከሌት የማስበው በባቲና በሚሌ አድርገው ጅቡቲ ስለሚወርዱ መኪኖች ነው። በዚህ ጉዞ የተሰጠኝ ሥራ «የየብስ ሰው» መሆን ነበር። ጀልባዋ የት እንደደረሰች የሚከታተል፣ መልእክት የሚቀበል፣ አደጋ ቢመጣ መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው ማለት ነው። ጥሩ የሠራሁትም ያበላሸሁትም አለ።

ቤተሰቡና ጀልባዋ

እህቴ ደሴ ውስጥ ለስድስት ዓመት በነርስነት ሠርታለች። ባለቤቷ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ በጭነት መርከቦች የሞተር ክፍል ሠርቷል። ሴት ልጃቸው 9፣ ወንዱ 5 ዓመታቸው ነበር። ጀልባዋ 11 ሜትር ርዝመት ያላት አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ ናት። ከመግዛታቸው በፊት ሰውየው ስለ ሞተር የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ ሸራ ግን የሚያውቀው እምብዛም ነበር። ይህን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

ላስ ፓልማስ ወደብ ታስራ በቆመችው ጀልባ ላይ ወደ 14 ወር ያህል ኖረዋል። ኑሮው ምን እንደሚመስል በስልክ ቪዲዮ አይቻለሁ። አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ቁርስ እዚያ ይበላል፣ ልጅቷ እዚያ ትማራለች፣ ከሰዓት አባትየው የውኃ ፓምፕ ፈታቶ እዚያው ይዘረጋል። ወንዱ ልጅ የሚተኛበት አልጋ ሥር የመፍቻ ሣጥን፣ ከራስጌው ትርፍ ሸራ፣ ከግርጌው የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሯል። አንድ ቀን እህቴን «ልጁ የት ነው?» ብላት «ገመዱን አንሣና ታገኘዋለህ» አለችኝ። ሣቅን። ከስልኩ ጀርባ ግን ባልየው አልሣቀም።

ችግሩ

መጀመሪያ ያሰቡት በ2016 ኅዳር ለመሄድ ነበር። በዚህ መሥመር ቀኑን የሚወስነው ሰማዩ ነው። በአትላንቲክ የከባድ ማዕበል ወቅት ከፈረንጆቹ ሰኔ መባቻ እስከ ኅዳር ማብቂያ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ ይጠናከርና ጀልባን ከኋላ እየገፋ ወደ ምዕራብ ይወስዳል። ያን ጊዜ ካልተነሡ ወራቱ ያልፋል። እነሱም አመለጣቸው።

ያመለጣቸው በጀልባዋ ብልሽት አልነበረም። ባልየው የሥራ ደብተር ነበረው፤ ጥቅምት ላይ በውስጡ 84 ያልተሠሩ ሥራዎች ነበሩ። በሳምንት አምስት ይሰርዛል፣ ሰባት ይጨምራል። የመጋረጃ መስቀያና የመሪው መጥበቅ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ዓይነት ጽሕፈት ተከታትለው ተጽፈዋል። እህቴ በቀን ውስጥ የሚቀላትን እየመረጠች ትሠራለች፤ እሱ የሚከብደውን ይዞ ሳምንት ይሰነብታል። ማታ ማታ «የቱ ይቅደም» የሚለው ክርክር ወደ ጠብ ይሄድ ጀመር። ልጅቷ ጀልባዋን «ቤታችን» ማለት ትታ «የአባዬ ሥራ» ትላት ነበር። እህቴን ይበልጥ ያስደነገጣት ይህ ቃል እንደሆነ ነግራኛለች።

ሌላው ችግር እዚህ ወሎ ነበር። እናታችን ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው። የልጅ ልጆቿ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ነው ሲባል በመጀመሪያው ሳምንት እህል አልቀመሰችም፤ በሁለተኛው ስልክ ማንሣት ተወች። «ሐይቁ እንኳ ሰው ይበላል እያልን ያደግን ሰዎች ነን» አለችኝ። ይህን የቤተሰብ ጣጣ ብለን ከዝግጅቱ ውጭ አደረግነው። ስሕተት ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ዞሮ መጣ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*ደብተሩን መክፈል።* ይህ የእኔ ሐሳብ ነበር፤ ከስምሪት ነው ያመጣሁት። መኪና ወደ ጅቡቲ ሲወጣ ሹፌሩ የሚያመጣው የጥገና ጥያቄ ብዙ ነው። ፍሬን፣ ጎማና መሪ ካልተስተካከሉ መኪናው ከግቢ አይወጣም። የወንበር ልብስ ግን ተመልሶ ይሰፋል። እንደዚያው ደብተሩን በሦስት ከፈሉት፤ ካልተሠራ የሚያሰምጥ፣ ካልተሠራ የሚያስቸግር፣ ካልተሠራ የሚያስከፋ። ከ84ቱ የሚያሰምጠው 11 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በጀልባዋ ሆድ ውኃ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ቧንቧዎች መዝጊያ፣ ደቀሉን (ሸራው የሚወጠርበትን ምሰሶ) የሚይዙት የብረት ገመዶች፣ የመሪው ማጥበቂያ፣ የነፍስ አድን ጀልባው ምርመራ፣ ልጆቹ ከጀልባዋ ጋር የሚታሰሩበት ቀበቶና የመሳሰሉት ነበሩ። እነዚህ ሳያልቁ ከሌሎቹ አንዱም እንዳይነካ ተስማሙ። መስማማቱ ቀላል ነበር። እህቴ ግን መጋረጃውን በድብቅ ሰፍታዋለች።

*ቤቱን ከጋራዡ መለየት።* ሆዷ እንዲጠገንና እንዲቀባ ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ በየብስ ላይ መቆም ነበረባት። በዚያ ጊዜ መኖሪያነቷ ያበቃል፤ ሦስት ሜትር በመሰላል እየወጡ፣ የቀለም ሽታ እየማጉ ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር መኖር አይቻልም። አብረው ቢሆኑ ይሻላል ብለው አንድ ሳምንት ሞከሩት። ከዚያ እህቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ ለሐምሌና ለነሐሴ ወደ ሐይቅ መጣች። ባልየው ብቻውን ቀረና አሥራ አንዱን ሥራ በሰባት ሳምንት ጨረሰ። ከዚያ በፊት በ14 ወር ያልተሠሩ ናቸው። ማንም ሰነፍ ስለነበረ አይደለም፤ መፍቻውን ባነሣ ቁጥር ምሳ የሚቀርብበትን ጠረጴዛ ማጽዳት ስለነበረበት ነው።

*ሁለት ወር በሐይቅ።* ይህን ትንሽ ላስፋው፤ ለዕረፍት የመጡበት ጊዜ ዋናው ዝግጅት ሆኖ ተገኝቷልና።

መጀመሪያ ውኃው። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰያ ብለን ለአራት ሰው ለ22 ቀን አሰላን፤ 264 ሊትር ይሆናል። ነፋስ ቢጠፋ፣ አንዱ ጋን ቢበላሽ ብለን ግማሹን ጨመርንበትና ወደ 400 ሊትር ደረሰ። የጀልባዋ ሁለት ጋኖች 300 ሊትር ይይዛሉ። ለቀሪው ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ገዙ። ጋኖቹ ለየብቻ እንዲዘጉ፣ ጀሪካኖቹም ከጋኖቹ ጋር እንዳይቀላቀሉ ተደረገ፤ አንዱ ቢበከል ሌላው እንዲተርፍ። ልጆቹ የ3 ሊትርን ልክ ያወቁት ግን ከእናታችን ጓሮ ነው። እኛ ውኃ በፈረቃ እየጠበቅን ነው ያደግነው፤ በአንድ ጆግ ፊት ታጥበን፣ በዚያው እግር ታጥበን፣ የቀረውን ጽጌረዳ ሥር የምናፈስ ነን። እናታችን ለልጅቷ በየጠዋቱ አንድ ባለ 3 ሊትር ጀሪካን ሞልታ «ይኼ የአንቺ ቀን ነው» ትላታለች። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት አለቀባት። በሦስተኛው ሳምንት አተረፈችና ለዶሮዎቹ ሰጠች።

ከዚያ ስንቅ። በውቅያኖስ ላይ ጀልባ በሚንገላታበት ቀን እሳት ማንደድ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ሳይበስል የሚበላ ነገር ያስፈልጋል። እናታችን ይህን ስትሰማ ነው መጀመሪያ የተረጋጋችው። ውቅያኖስ አታውቅም፤ የመንገድ ስንቅ ግን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። «ታዲያ በሶ ነዋ!» አለች። ገብሱን ራሷ ለቀመች፣ ራሷ ቆላች። ምጣዱ ላይ እየፈነዳ ሲዘል ወንዱ ልጅ በመዳፉ ሊይዝ ይሞክራል፤ እሷ በማማሰያው እጁን መታ ታደርግና «የጀልባህ ካፒቴን እንዲህ ነው የሚያስተምርህ?» ትለዋለች። 6 ኪሎ በሶ፣ 4 ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ 3 ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ከረጢት ድርቆሽ ተዘጋጀ። ሁሉም የጾም መሆኑ ደስ አሰኛት፤ ጉዞው ነቢያት ላይ ይውላልና።

ቋንጣም ነበር። ከምሰሶ ምሰሶ በተወጠረ ገመድ ሰቅላ አራት ኪሎ ያህል አድርቃለች፤ ንጥር ቅቤም በጠርሙስ ሞልታለች። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድለት ያጣራነው ከዚያ በኋላ ነው። ካናሪ የስፔን ግዛት ናት። እናታችን ሁለት ቀን አኮረፈች፤ ቋንጣውን እኛ በፍርፍር ጨረስነው። ባልየው በስልክ ሊያጽናናት አንድ የድሮ የመርከበኞች አባባል ነገራት፤ ከካናሪ ሲነሡ ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ መታጠፍ ነው ይላሉ። «ለዚህማ ባቲ መውረድ ይበቃ ነበር» አለችው።

መጨረሻ ሐይቁ። ልጆቹ ሐይቅ ላይ በአነስተኛ ጀልባ ሲሄዱ የነፍስ አድን ጃኬት የለበሱት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ የአጎት ልጆች ሣቁባቸው። ወንዱ ተነሥቶ «አንድ እጅ ለጀልባው፣ አንድ እጅ ለራስ» የሚለውን የመርከበኞች ሕግ አስተማራቸው፤ ሁለቱም እጆቹ በቆሎ ይዘው ነበር። እናታችን ከዳር ቆማ አየች። ያን ቀን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ «ስንት ቀን ነው የሚፈጅባችሁ?» ብላ ጠየቀች። ለእስጢፋኖስ ተሳለች። ሙስሊሟ ጎረቤቷም ቡና አስፈልተው ዱዓ አደረጉላቸው፤ በወሎ ደንብ በአንደኛው ብቻ ተመርቆ መሄድ የለም።

*የየብሱን እቅድ መጻፍ።* ጀልባዋ ላይ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በየ4 ሰዓቱ ያሉበትን ቦታ የሚልክና አጭር ጽሑፍ የሚያስተላልፍ የሳተላይት መሣሪያ ነው። ሁለተኛው በ406 ሜጋ ኸርትዝ የሚሠራ የአደጋ ጥሪ አስተላላፊ ነው፤ እንዲያስተላልፍ ካልተደረገ በቀር ዝም ይላል። ይህ ሁለተኛው ሲመዘገብ የየብስ ተጠሪ ስልክ ይሞላበታል፤ ምልክት ከላከ የነፍስ አድን ማዕከሉ ጥሪው እውነት መሆኑን ለማጣራት ለተጠሪው ይደውላል። የእኔን ቁጥር ሞሉ። ከባዕድ አገር የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ዘግቶ የመተው ልማድ ነበረኝ፤ እሱን ተውኩ። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን ስላለም ሁለተኛ ተጠሪ አድርገን አዲስ አበባ የሚኖረውን የባልየውን ወንድም ጨመርን።

ከዚያ ዝምታን ተነጋገርን። ሹፌር ሲጠፋብኝ የምሠራበት ልክ አለኝ፤ ስልኩ ስላልሠራ ብቻ መኪናው ተገለበጠ አልልም። ለጀልባዋም እንዲሁ አደረግን። መሣሪያው እስከ 24 ሰዓት ዝም ቢል ምንም አይደረግም። እስከ 48 ከሁለተኛው ተጠሪ ጋር እንነጋገራለን፣ የአየር ጠባዩን እናያለን። 72 ከሞላ ለባሕር ነፍስ አድን ማዕከል ይደወላል። ወረቀቱን በሁለት ቅጂ ጻፍን፤ አንዱ ጀልባዋ ላይ፣ አንዱ የእኔ ቢሮ ግድግዳ ላይ።

ጉዞው

ኅዳር 22 ቀን ተነሡ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያልታሰበ ነገር መጣ። ወንዱ ልጅ በባሕር ሕመም እንደሚያስመልሰው ይጠበቅ ነበር። እህቴ ግን ከእሱ ብሳ ተኛች። የዘብ ተራው እሷ አራት ሰዓት እሱ አራት ሰዓት እንዲሆን ነበር የተጻፈው። ሐኪሟም ተረኛዋም እሷ ነበረች፤ ባልየው 30 ሰዓት ገደማ ከደቂቃዎች ሸለብታ በቀር ሳይተኛ ነዳ። በዚህ ጊዜ ያቆማቸው ቀጠን ተደርጎ በጨውና በስኳር የተበጠበጠ በሶ ነው፤ ያደለችውም የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ናት። በአራተኛው ቀን እህቴ ተነሣች፤ ተራውን ወደ ሦስት ሦስት ሰዓት አሳጠሩት፤ ከዚያ በኋላ ጀልባዋ ቤት ሆነች። የሌሊት ተረኛ ዳቦ ቆሎ ይዞ ይቀመጣል፤ ሲቆረጠም እንቅልፍ ያባርራል።

እዚህ ደግሞ የእኔ ስሕተት ይጀምራል። የዕለቱ መልእክት 12 ሰዓት ላይ እንዲላክ ተስማምተን ነበር። ባልየው ያለው በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ለእናታችን «12 ሰዓት ላይ ይጽፋሉ» ብዬ ብቻ ነገርኳት። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጠዋት 12 አለፈ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ አልነበረም። ይህን በዚያው ቀን አስተካከልነው።

ሁለተኛውን ግን አላስተካከልኩትም። ታኅሣሥ 1 ማታ መሣሪያው ዝም አለ። እኔ ወረቀቱን አየሁ፤ 24 ሰዓት ስላልሞላ ሥራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱ 24 ሲሞላ አዲስ አበባ ደወልኩ፤ የነፋሱን ሁኔታ አየን፤ መሥመሩ ላይ ማዕበል የለም፤ የአደጋ ጥሪውም አልተላለፈም። በልኩ መሠረት የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። ለእናታችን ግን ያ ወረቀት መኖሩን አልነገርኳትም። እንዳታስብ ብዬ ነው። እሷ ስልኳ ላይ የተጫነላትን ካርታ በየሰዓቱ ታይ ነበር፤ ነጥቡ ከትናንት ጀምሮ አለመንቀሳቀሱን ከእኔ ቀድማ አውቃለች።

ምሽት ላይ ሐይቅ ስደርስ ግቢው ውስጥ ሰባት ስምንት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ቡና ተፈልቷል፤ ማንም አይጠጣም። እናታችን መደቡ ላይ ናት። አንዲት ጎረቤት «እግዜር ያጥናሽ» ለማለት አፏን ስትከፍት እኔን አይታ ዝም አለች። ስለ 24፣ ስለ 48፣ ስለ 72 ሰዓት ማስረዳት ጀመርኩ። እናታችን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ይኼን የምታውቀው መቼ ነው?» አለች። «ከመነሣታቸው በፊት» አልኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት አላናገረችኝም።

በ33ኛው ሰዓት ነጥቡ ተንቀሳቀሰ። ቻርጅ የሚደረግበት ገመድ ጫፍ በጨው ውኃ ዝጎ ኖሯል፤ ባልየው በትርፍ ገመድ ተካው። ከጀልባዋ የመጣው መልእክት ስለ ገመዱ ሁለት ቃል፣ ወንዱ ልጅ ስላያቸው በራሪ ዓሣዎች ስድስት ቃል ነበረው። እነሱ ዝም ማለታቸውን እንኳ በቅጡ አላስተዋሉትም።

ታኅሣሥ 14 ቀን ደረሱ።

የሠራው፣ ያልሠራው

ደብተሩን በሦስት መክፈሉ ከሁሉ ይበልጥ ሠርቷል፤ ለማንኛውም ረጅም ዝግጅት፣ ቤት ለሚሠራም ሆነ ለሠርግ ለሚደግስ፣ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ክፍሉ ግን ከሦስት መብለጥ የለበትም። አራተኛ ጨምረው «የሚያስጠይቅ» ብለው ሞክረው ነበር፤ በሳምንት ሁሉም ሥራ እዚያ ተጠራቀመ።

የሁለት ወሩ መለያየት ገንዘብ አስወጥቷል፤ የአውሮፕላኑ ቲኬት ለትርፍ ሸራ የተቀመጠውን ብር በልቷል። እህቴ ዛሬም የሸራውን ብር ትቆጫለች። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከትርፉ ሸራ ይልቅ የልጅቷ 3 ሊትር ጠቅሟቸዋል።

ድርቆሹ አልሆነም። በጨርቅ ከረጢት ስለተያዘ የባሕሩን እርጥበት መጠጠና በ12ኛው ቀን ሻገተ። በሶውና ዳቦ ቆሎው ክዳናቸው ጥብቅ በሆነ ፕላስቲክ ዕቃ ስለነበሩ ምንም አልሆኑም። ሽሮ ያበሰሉት አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ባሕሩ ሲረጋ።

የዘብ ተራው እቅድ ጤነኛ ሰዎችን አስቦ የተጻፈ ነበር። ቀጣዩ የሚጻፈው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አንዱ እንደሚወድቅ ታስቦ ነው፤ ለሦስቱ ቀናት የሚበቃ ምግብም ከወደብ በስሎ ይወጣል።

የዝምታው ልክ ትክክል ነበር፤ ያወቀው ሰው ግን ትክክል አልነበረም። ሰው እንዳይጨነቅ ብሎ መደበቅ ስምሪት ላይም አለ፤ የሹፌር ሚስት ስትደውል «ደህና ነው» ብለን እንዘጋለን። ከታኅሣሥ ወዲህ ለሚስቶቹ ሰዓቱን እየቆጠርኩ እነግራለሁ፤ ይህን ያህል ሰዓት ካልደወለ እኔ እደውልልሻለሁ፣ ከዚያ በፊት አታስቢ። የሚደወልልኝ ስልክ ቀንሷል።

አሁን ጀልባዋ ካሪቢያን ናት፤ ቀጣዩ ጉዞ እየታሰበ ነው። ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ተጽፏል። ሦስተኛው ሐይቅ፣ እናታችን ቡፌ መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። 24 የሚለውን በእርሳስ ሰርዛ 20 አድርጋዋለች።